ከመቶው ብር ስንቱ ለስፒከር?

ዕቁብ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ገና ሳይቆጥር በሐሳቡ ሦስት ጊዜ ያጠፋዋል። መጀመሪያ የቤት ኪራዩን ይከፍላል፤ ቀጥሎ ለእናቱ ጋቢ ይገዛል፤ በመጨረሻም ከተማሪነቱ ጀምሮ ሲመኘው የኖረውን ዕቃ ያስታውስና ሁለቱን መልካም ሐሳቦች ወደሚቀጥለው ዙር ያስተላልፋቸዋል። ይህ ጽሑፍ ምኞቱ የሙዚቃ ማጫወቻ ለሆነበት ወጣት የተጻፈ ነው። እንዲህ ያለው ወጣት ጥቂት አለመሆኑን በመምህራን ክፍል ውስጥ በሻይ ሰዓት የሚነሣውን ጭውውት የሰማ ሁሉ ያውቀዋል።

ታዲያ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው «ስንት ብር ይበቃል?» የሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም የሚቀድመው ሌላ አለ፤ ይኸውም «ያለችኝን ብር እንዴት አድርጌ ልከፋፍላት?» የሚለው ነው። ሁለት ሰዎች እኩል ገንዘብ ይዘው ወደ ገበያ ቢወጡ፥ አንደኛው ጎረቤት የሚቀናበት፥ ሁለተኛው ጎረቤት የሚያዝንለት ማጫወቻ ይዘው ሊመለሱ ይችላሉ። እኔ ሁለተኛውን ሰው ሆኜ አይቼዋለሁ፤ ታሪኩን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አንድ ሙሉ ስቴሪዮ ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ድምፁ የሚነሣበት ምንጭ ነው፤ እርሱም የሸክላ ማጫወቻ፥ የሲዲ ማጫወቻ ወይም በኪሳችን የምንይዘው ስልክ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ከምንጩ የመጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያጎለብተው አምፕሊፋየር ነው። ሦስተኛው ያንን ኤሌክትሪክ ወደ አየር ንዝረት፥ ማለት ወደ ድምፅ፥ የሚለውጡት ሁለቱ ስፒከሮች ናቸው። ሽቦና የመሳሰለው ትንንሽ ነገር ከነዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ገንዘቡ ከሦስቱ ለየትኛው ያድላ በሚለው ነገር በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ረዥም ክርክር ተደርጓል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከክርክሩ በፊት አንድ ሰው ማንሣት ያስፈልጋል። ኤድጋር ቪልቹር በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስለ ድምፅ አቀራረጽና አሰማም ያስተምር የነበረ አሜሪካዊ ነው። በርሱ ዘመን ከበሮንና ባስን በደንብ የሚያሰማ ስፒከር የፈለገ ሰው ቁም ሣጥን የሚያህል ሳጥን ማስገባት ግድ ይሆንበት ነበር። ቪልቹር ግን ትንሽ ሳጥን ወስዶ አየር እንዳያስገባ አድርጎ ደፈነው፤ በውስጡ የታፈነው አየር እንደ ሞላ ሆኖ የስፒከሩን ወረቀት ወደ ቦታው እንዲመልስ አደረገ። በ1954 ሄንሪ ክሎስ ከተባለ የቀድሞ ተማሪው ጋር ሆኖ በማሳቹሴትስ፥ ካምብሪጅ ከተማ ውስጥ አኩስቲክ ሪሰርች የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። መምህርና ተማሪ አብረው ነገዱ ማለት ነው፤ ለእኛ ለአስተማሪዎች የሚያጽናና ወሬ ነው።

ይህ ኩባንያ ኤ.አር.-3 የተባለውን ስፒከር በ1958 ካወጣ በኋላ ያልተለመደ ትርኢት አሳየ። ፋይን አርትስ የተባለው የአራት ሰዎች የክር ሙዚቃ ቡድን በሕዝብ ፊት ይጫወታል፤ በመካከሉ ሙዚቀኞቹ እጃቸውን ማንቀሳቀሳቸውን ሳያቆሙ መምታቱን ይተዋሉ፤ ድምፁንም ስፒከሮቹ ይቀጥሉታል። ከተመልካቹ ብዙው መቼ እንደ ተለወጠ ለይቶ ማወቅ አቃተው። በነዚህና በመሳሰሉት ዓመታት በሰፊው የተለመደው ምክር «ከገንዘብህ ግማሹን ለስፒከር አድርግ» የሚል ነበር።

የምክሩ ምክንያት ግልጽ ነው። ደኅና አምፕሊፋየር የተቀበለውን ምልክት ቅርጹን ሳያዛባ ያሳልፋል፤ የሚያዛባው ከመቶ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ስፒከር ግን ወረቀትና ማግኔት ሆኖ አየርን የሚገፋ ዕቃ ስለሆነ፥ በተለይ ወፍራሙን ድምፅ ጮክ አድርጎ በሚያሰማበት ጊዜ ከመቶ ብዙ እጅ ሊያዛባ ይችላል። አንዱን ቃና ከፍ፥ ሌላውን ዝቅ ማድረጉም አይቀርም። ሁለት ደኅና አምፕሊፋየሮች በጨለማ ቢለዋወጡ የሚለያቸው ሰው ጥቂት ነው፤ ሁለት ስፒከሮች ግን ቢለዋወጡ ወጥ ቤት ያለችው እኅትህ እንኳ «ምን ነካው?» ብላ ትጠይቃለች።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ግን ከስኮትላንድ፥ ከግላስጎው ከተማ፥ ተቃራኒ ድምፅ ተሰማ። አይቮር ቲፈንብረን የሚባለው የሊን ኩባንያ መሥራች ሶንደክ ኤል.ፒ.12 የተባለውን የሸክላ ማጫወቻ አወጣና፥ ገንዘቡ መዋል ያለበት ለስፒከር ሳይሆን ለምንጩ ነው ብሎ ተነሣ። ክርክሩ ቀላል ቢሆንም ጠንካራ ነበር። መርፌዋ ከሸክላው ላይ ሳታነሣው የቀረችውን ድምፅ በኋላ የሚመጣ አምፕሊፋየርም ሆነ ስፒከር ሊፈጥረው አይችልም። ውኃው ከምንጩ ከደፈረሰ እንስራው የብር ቢሆን ምን ይጠቅማል እንደ ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር ብዙ ሰው ይህን ተቀብሎ ውድ የሸክላ ማጫወቻ ከርካሽ ስፒከር ጋር አጋብቶ ኖሯል።

ለኔ እንደሚታየኝ ሁለቱም ወገኖች በየዘመናቸው እውነት ነበራቸው። የሸክላ ማጫወቻ ማሽን ነው፤ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፥ ፍጥነቱ ይዋዥቃል፥ መርፌው ከፀጉር የቀጠነ ቦይ ይከተላል። እዚህ ላይ ገንዘብ የወጣበትና ያልወጣበት ዕቃ በግልጥ ይለያያል። ነገር ግን በ1982 ሲዲ ሲመጣ የክርክሩ ወለል ራሱ ተናጋ። በዚያ ዓመት ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ የቀረበው የሶኒ ሲ.ዲ.ፒ.-101 ማጫወቻ ዋጋው 168,000 የን ነበርና ለተራ ደመወዝተኛ የማይደፈር ነበር። ሆኖም የፍጥነት መዋዠቅንና የመርፌን ጫጫታ ፈጽሞ አስቀረ። ዛሬ የዚያኑ ያህል ንጹሕ ምልክት ለሌላ ጉዳይ ከገዛነው ስልክ እናገኛለን። ስለዚህ ሙዚቃውን ከስልኩ ለሚያደምጥ ሰው የምንጩ ድርሻ ወደ ባዶ ተጠግቷል፤ የተረፈውም ገንዘብ ወደ ስፒከሩ መሄድ ይገባዋል።

ስለ አምፕሊፋየር ጥቂት እንበል፤ ብዙ ወጣት የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና። ሻጩ መጀመሪያ የሚናገረው ስለ ዋት ነው። «ይኼ 1,000 ዋት ነው፤ ያ 200 ብቻ ነው» ይላል። በመጠነኛ ክፍል ውስጥ በደኅና ስፒከር ተረጋግቶ ለማድመጥ የሚያስፈልገው ኃይል በአማካይ ከአንድ ዋት ብዙም አይበልጥም፤ የቀረው ድንገት ለሚመታ ከበሮ መጠባበቂያ ነው። ደግሞም የጆሮ ሒሳብ እንደ ኪስ ሒሳብ አይደለም። ኃይሉ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮአችን እጥፍ ያህል ጮክ እንዲል ኃይሉ ወደ አሥር እጥፍ ማደግ አለበት። እንግዲህ ከ50 ዋት ወደ 100 ዋት ለመሄድ የሚከፈለው ብር የሚገዛው ነገር በጣም ትንሽ ነው። በ1978 የወጣው ኤን.ኤ.ዲ. 3020 የሚባለው ዝነኛ አምፕሊፋየር በወረቀት ላይ 20 ዋት ብቻ ነበር፤ እስከ ዛሬም ያገለገለውን ፈልጎ የሚገዛው ሰው አለ።

በካርቶን ላይ የተጻፈውን የሺሕ ዋት ወሬ የሚፈትን ቀላል ዘዴ አለ። ዕቃውን ገልብጦ ከኋላው ያለውን ትንሽ ጽሑፍ ማንበብ ነው፤ ከሶኬት ምን ያህል ዋት እንደሚስብ እዚያ ይጻፋል። ከግድግዳው 40 ዋት የሚስብ ዕቃ በሌላ በኩል ያለማቋረጥ 1,000 ዋት ሊያወጣ አይችልም። ይህን አንድ ጊዜ ለአንድ ሻጭ በትሕትና ባስረዳው «እርስዎ አስተማሪ ነዎት አይደል?» ብሎኝ ዋጋውን ግን አልቀነሰልኝም።

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ። አባቴ በወጣትነቱ የገዛቸው ባለ 45 ዙር ትንንሽ ሸክላዎች በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው ኖረዋል። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሬከርድስን ካቋቋመ ጀምሮ እስከ 1970ዎቹ ድረስ በአዲስ አበባ የወጡት ዘፈኖች አብዛኞቹ የታተሙት እንዲህ ባለው ሸክላ ላይ ነው። በኋላ ካሴት መጣና ማጫወቻው ሲሰበር የጠገነው አልነበረም። ስለዚህ ዕቁብ ሲደርሰኝ አንድ ሐሳብ ብቻ ያዝሁ፤ አባቴን ሸክላዎቹን ላሰማው። ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ፥ መልኩ የሚያምር የሸክላ ማጫወቻ አገኘሁ። ከመቶው ብር 70ውን ለርሱ ከፈልሁ። በ20ው አምፕሊፋየርና ኤሌክትሪኩን ከ220 ወደ 120 ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዛሁ። በቀረችው 10 ብር ስፒከር የሚባሉ ሁለት ሳጥኖች ተሰጡኝ።

እሑድ ዕለት አባቴን ጠራሁት። ቡና ተፈላ፤ ሸክላው ተጫነ፤ ሙዚቃው ጀመረ። አባቴ ጥቂት አድምጦ ስኒውን አስቀመጠ።

«ይኼ ማን ነው?» አለ።

«ጥላሁን ነው እኮ፥ አባባ።»

«ጥላሁን? ታሞ ነበር እንዴ ያን ቀን?»

እውነቱን ነው፤ ያ ለስላሳ ድምፅ ጎርንኖ፥ ሙዚቃውም እንደ ደከመው ሰው እየተጎተተ ነበር። አባቴ ሌላ ሸክላ እንድጫን ጠየቀኝ፤ ሁለተኛው ዘፋኝም ታሞ ነበር። ሦስተኛውን ሳንጫን «ሸክላው አርጅቶ ይሆናል፥ ልጄ፤ እኔም አርጅቻለሁ» አለኝና ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ። ያን ማታ ብቻዬን ተቀምጬ ሰዓት ይዤ ዙሩን ብቆጥረው በደቂቃ 45 መሆን የሚገባው 37 ተኩል ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ ቮልቱ ብቻ ሳይሆን ምቱም ከኛ ይለያል፤ የነርሱ በሰከንድ 60 ጊዜ፥ የኛ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይለውጣል እንጂ ምቱን አይነካውም። ብዙ የቆዩ ማጫወቻዎች ደግሞ ሞተራቸው ፍጥነቱን የሚወስደው ከዚሁ ምት ነው። እንግዲህ ከስድስት እጅ አንድ እጅ ፍጥነት ይጎድላል፤ የሦስት ደቂቃ ዘፈን ሦስት ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ይፈጃል፤ ቃናውም ሦስት ግማሽ ቃና ያህል ይወርዳል። የሸጠልኝ ሰው ይህን ያውቅ እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ እኔ ግን ማወቅ ነበረብኝ፤ በዩኒቨርሲቲ ስለ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ተፈትኜ አልፌአለሁና።

መፍትሔው ከተጠበቀው በላይ ርካሽ ሆነ። ሞተሩ ጫፍ ላይ የላስቲክ ቀበቶው የሚጠመጠምባት ትንሽ መዘውር አለች፤ ስፋቷ በአንድ አምስተኛ ከጨመረ፥ ለምሳሌ 10 ሚሊሜትር የነበረው 12 ከሆነ፥ ሳህኑ ወደ ትክክለኛ ፍጥነቱ ይመለሳል። አንድ ቶርኖ ቤት ውስጥ ከነሐስ ተቀረጸችልኝ። ከአሜሪካ የመጣ የሸክላ ማጫወቻ የሚገዛ አንባቢ ግን ይህ ሁሉ ሳይደርስበት ይጠይቅ፤ ሞተሩ ከሶኬቱ ምት ጋር የሚዞር ነው ወይስ በራሱ ኤሌክትሮኒክስ የሚመራ? እንደ ቴክኒክስ ኤስ.ኤል.-1200 ያሉት፥ ሳህናቸውን ሞተሩ ያለ ቀበቶ በቀጥታ የሚያዞራቸው፥ በዚህ በኩል ችግር የለባቸውም፤ ለነርሱ ቮልቱ ከተስተካከለ ይበቃል።

አባቴ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ያንኑ ሸክላ ጫንሁለት። «አሁን ዳነ» አለ። ነገር ግን ወዲያው ግንባሩን ቋጥሮ ወደ ስፒከሮቹ ተመለከተ፤ ባሱ ይንኮሻኮሽ ነበርና። የ10 ብሮቹ ሳጥኖች ወረቀታቸውን ከብረቱ ጋር የሚያያይዘው ስፖንጅ በስብሶ ተቦጫጭቆ ነበር። እንደዚህ ያለው ስፖንጅ በአሥራ አምስትና በሃያ ዓመት ውስጥ በራሱ የሚፈርስ ነው። ያገለገለ ስፒከር የሚገዛ ሰው ከፊት ያለውን ጨርቅ አስወልቆ ጠርዙን በጣቱ በቀስታ ይንካው፤ ስፖንጁ እንደ ደረቅ ዳቦ ከተፈረፈረ ዋጋው መውረድ አለበት። ጠርዙ ጎማ ወይም ጨርቅ የሆነው ዕድሜው ይረዝማል።

ስለ ሸክላ ከተነሣ ሁለት ወጪዎች አሉ፤ ሁልጊዜ ይረሳሉ። አንደኛው መርፌው ነው። ባለ አልማዝ መርፌ ከ500 እስከ 1,000 ሰዓት ያህል ካገለገለ በኋላ ጫፉ ይበላል፤ የተበላ መርፌ ደግሞ ሸክላውን ማንበብ ትቶ ማረስ ይጀምራል፤ የታረሰውም ተመልሶ አይገጥምም። ያገለገለ ማጫወቻ ስንገዛ መርፌው ስንት ሰዓት እንደ ሠራ የሚነግረን ስለሌለ፥ አዲስ መርፌ ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ መግባት አለበት። ሁለተኛው ለሸክላ የሚሆን መግቢያ ነው። ከመርፌው የሚወጣው ምልክት በተለመደው ዐይነት ወደ 5 ሚሊቮልት ነው፤ ከሲዲ ማጫወቻ የሚወጣው ግን 2 ቮልት፥ ማለት 400 እጥፍ ያህል ነው። በተጨማሪም ሸክላ ሲቀረጽ ባሱ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፥ ቀጭኑ ድምፅ ይጨመራል፤ በማጫወት ጊዜ ይህን የሚመልስ ክፍል ያስፈልጋል። የዛሬ አምፕሊፋየሮች ብዙዎቹ ይህ መግቢያ የላቸውም። ያለርሱ የተገናኘ ሸክላ እንደ ትንኝ ይጮኻል፤ ባለቤቱም ጥፋቱን በስፒከሩ ያሳብባል።

እንግዲህ ክፍፍሉን በቁጥር እናስቀምጠው። ሙዚቃውን ከስልክ የሚያደምጥ ሰው ከመቶው ብር 65 ያህሉን ለስፒከር፥ 30ውን ለአምፕሊፋየር፥ 5ቱን ለሽቦ ቢያደርግ አይጸጸትም። ሸክላ አለኝ የሚል ሰው ለስፒከር 40፥ ለሸክላ ማጫወቻው ከነመርፌውና ከነመግቢያው 35፥ ለአምፕሊፋየር 20፥ ለሽቦ 5 ይመድብ። እነዚህ ቁጥሮች የኔ ፍርድ ናቸው፤ አምስት ብር ወዲህና ወዲያ ቢባል ጠብ አላነሣም። ብሩ በጣም ካነሰ ግን ሁሉንም በአንድ ቀን ለመግዛት መጨነቅ አያስፈልግም። መጀመሪያ ደኅና ስፒከር ተገዝቶ በተዋሱት ወይም በአሮጌ አምፕሊፋየር እየተደመጠ ቢቆይ ይሻላል። ደኅና ስፒከር ሦስት አምፕሊፋየር ቀብሮ ይኖራልና። በኮንዶሚኒየም ቀጭን ግድግዳ መካከል የሚኖርና የጎረቤቱን ሰላም የሚያከብር ሰው ደግሞ ይህን ሁሉ ትቶ ገንዘቡን በጥሩ የጆሮ ማድመጫ ላይ ቢያውለው አልነቅፈውም፤ በዚያው ገንዘብ ከስፒከር ይልቅ ንጹሕ ድምፅ ያገኛል። አባቱን ግን ጎኑ አስቀምጦ ማድመጥ አይችልም።

ለሽቦ 5 ብር ማለቴ ሆን ብዬ ነው። ሻጮች ወርቅ የተቀባ፥ እንደ እባብ የወፈረ ሽቦ ያቀርባሉ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ለቤት የሚዘረጋው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ አራት ሜትር ርቀት ደርሶ ሲመለስ የሚያሳየው ተቃውሞ 0.06 ኦም እንኳ አይሞላም፤ ስፒከሩ 8 ኦም ከሆነ ይህ ከመቶ አንድ እጅ በታች ነው። ልዩነቱን በጆሮው እሰማለሁ የሚል ካለ ዐይኑን ሸፍነን እንፈትነው።

የመጨረሻው ክፍል ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሆኖም ከብዙ ብር ይበልጣል፤ እርሱም ቤቱ ራሱ ነው። ስፒከር ጥግ ላይ ሲወሸቅ ባሱ ያብጣል፤ ከግድግዳው ጥቂት ፈቀቅ ሲል ይጠራል። ሁለቱ ስፒከሮችና አድማጩ ሦስቱ ጎኖቹ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን ቢሠሩ ዘፋኙ በመካከል ቆሞ የሚዘፍን ይመስላል። አንዱን ስፒከር ሳሎን ሌላውን መኝታ ቤት በር ላይ የሚያደርግ ሰው ስቴሪዮ አልገዛም፤ ሁለት ራዲዮ ገዛ እንጂ። ባዶ የሲሚንቶ ክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ ማጨብጨብ ነው፤ ጭብጨባው ከተንጫረረ ምንጣፍ፥ ወፍራም መጋረጃ ወይም መጽሐፍ የሞላበት መደርደሪያ ያስፈልጋል።

ከፍታውም ከጆሮ ጋር መስተካከል አለበት። እኔ በሁለተኛው ዙር ዕቁብ ስፒከሮቹን ስለውጥ ለማስቀመጫ የተረፈኝ ብር ስላልነበረ አራት ብሎኬት ገዝቼ በያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት ደረብሁ፤ የነጠላ ቁራጭም አለበስኋቸው። አከራዬ ብሎኬቱ ሲገባ አይተው «መምህር፥ ግድግዳ ሊያሠሩብኝ ነው?» አሉኝ። ሙዚቃ ነው ብላቸው አላመኑኝም፤ እሑድ ከአባቴ ጋር ቡና ጠርቻቸው ነው የተረዱልኝ።